«ፖምፓው ሞቷል» የተባለው ትራክተር

ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። የደወሉልኝ ከቆቦ ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። አገሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም እዚህ ሐጂ እላቸዋለሁ።

«ልጄ፣ ትራክተሯ ቆማለች» አሉኝ። «ማረሻውን አላነሳ አለች። ሜካኒክ መጥቶ ፖምፓው ሞቷል አለ። ነገ ሊፈታት ነው። አንተ ሳታያት እንዳይነካት ብዬዋለሁ።»

«አብሽሩ ሐጂ። ነገ በጠዋት እመጣለሁ። እስከዚያ ግን ማንም እንዳያስነሳት። ቁልፉን ኪስዎ ይክተቱት።»

ፖምፓ ማለት ዘይት እየገፋ ማረሻውን የሚያስነሳው ዕቃ ነው። የቁልፉን ነገር ያልኩት ምክንያት አለኝ። ትራክተር ሲበላሽ የሚያየው ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ አስነስቶ መስማት ይፈልጋል። ጎረቤት ይመጣል፣ ያስነሳል። የአክስት ልጅ ይመጣል፣ ያስነሳል። ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ እያንዳንዷ ማስነሳት ጤነኛውን ዕቃ ትበላለች።

እኔ ወልዲያ ላይ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ከወልዲያ ቆቦ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረድኩ።

ትራክተሯ ማሲ ፈርጉሰን 385 ናት። 85 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ አራት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር፣ በኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳ። ከኋላዋ ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ አለ። ሐጂና ወንድሞቻቸው በጋራ የገዟት ናት። የራሳቸውን መሬት ያርሱባታል፣ ከዚያ ለሰው ያከራይዋታል። ሰኔ ላይ ትራክተር ቆመ ማለት ወረፋ የያዘው ገበሬ በሙሉ ሌላ ትራክተር ፍለጋ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ሐጂ ቢጣደፉ አልፈርድባቸውም።

ግቢው ስደርስ ሾፌሩ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ዓይኑን ከእኔ ያሸሻል። ይህን ዓይነት ዓይን አውቀዋለሁ። የሆነ ነገር ሆኗል፣ ግን ሐጂ ፊት አይነገርም።

ትራክተሯን ሳልነካ «ና እስቲ ሻይ እንጠጣ» አልኩት። ከሳጥኔ ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ያ ሻይ ነው። እውነቱ የወጣው ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ወላሂ ወንዙ ጎድሎ ነበር» አለኝ።

የቆቦን ሜዳ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሜዳው በምዕራብ ባለው ደጋና በምሥራቅ ባለው የዞብል ተራራ መሀል የተዘረጋ ነው። ጎሊና፣ ሆርማት የሚባሉት ወንዞች አብዛኛውን ዓመት ሰፊ የአሸዋና የጠጠር ሜዳ ናቸው፣ ሰውም ከብትም ይሄድባቸዋል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ቆቦ ላይ ፀሐይ እያለ ጎርፍ ይመጣል። ገበሬው ይህን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ውስጥ ማስገባት ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። ጎርፉ ሲያልፍ ታዲያ ወንዙ ትናንት የነበረው ወንዝ አይደለም። ድንጋዩ ተንከባሏል፣ መሻገሪያው ተቦርቡሯል፣ አሸዋው ደግሞ ጉድጓዱን ሸፍኖ ሜዳ አስመስሎታል።

ልጁ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከማዶ ለማረስ ሊሻገር ወረደ። በላይ በኩል የሚዞር ደህና መንገድ አለ፣ ግን ሩቅ ነው። ማረሻውን እንደ ተሸከመ በሦስተኛ ማርሽ ገባ። ውሃው የኋላ ጎማውን ግማሽ ሊደርስ ትንሽ ቀረው። መሀል ላይ የግራ የፊት ጎማ ጉድጓድ ገባ። «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ነዳጅ ጨመረ። ከሆድ በታች ሌላ «ጓ!» መጣ። ከዚያ ወጣ።

«ከወጣህ በኋላ ቆመህ አየህ?»

«እየመሸብኝ ነበር ጋሼ።»

በማግስቱ ጠዋት ማረስ ጀመረ። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ሁሉ ደህና ነበር። ዘይቱ ሲሞቅ ማንሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስድስት ሰዓት ላይ ጭራሽ አላነሳ አለ። ከመቀመጫው ሥር የጉርምርምታ ድምፅ አለ። መሪው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይዋልላል። ሞተሩም አንዳንዴ ጉልበት እያጣ መልሶ ይነሳል።

ሌላው ሜካኒክ «ፖምፓው ሞቷል» ያለው ይህን ሰምቶ ነው። ሰውየውን ሞኝ ነው አልልም። ሲቀዘቅዝ የሚያነሳ፣ ሲሞቅ የማያነሳ ሃይድሮሊክ ብዙውን ጊዜ ያለቀ ፖምፓ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። ፖምፓው ውስጡ ከተበላ ደግሞ የቀጠነው ዘይት በክፍተቱ ወደ ኋላ ያመልጣል። እኔም ወንዙን ባልሰማ ኖሮ እንደዚያ ልል እችል ነበር። ግን ፖምፓ በአንድ ሌሊት አያልቅም። ትናንት ደህና ያነሳ የነበረ ማንሻ ዛሬ ጠዋት ከሰነፈ፣ በመሀል የሆነውን ነገር መጠየቅ ግድ ነው።

ከሻይ በኋላ ወደ ትራክተሯ ሄድን። ደልዳላ መሬት ላይ ናት። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስጠጋሁ። ማረሻው መሬት ላይ እንዳረፈ አረጋገጥኩ፣ ምክንያቱም በሃይድሮሊክ ብቻ ተንጠልጥሎ ካለ ማረሻ ሥር የሚገባ ሰው ከሕይወቱ ጋር እየተጫወተ ነው። ከዚያ ጆንያ አንጥፌ በጀርባዬ ገባሁ።

ሆዷ በደረቀ ጭቃ ተለስኗል። ልጁ ውሃ ሊደፋበት ጀሪካን ይዞ መጣ። ከለከልኩት። የደረቀ ጭቃ ብዙ ይናገራል። ዘይት የነካው ጭቃ ጥቁርና እርጥብ ነው፣ ያልነካው ነጣ ያለ ነው። መጀመሪያ አጥቦ ከዚያ ዘይት የሚፈስበትን መፈለግ ዱካን ጠርጎ ሌባ እንደ መፈለግ ነው።

ከፊት ጀመርኩ። ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው ዘንግ፣ ቲራንቲ የምንለው፣ እንደ ቀስት ተጣሟል። ጭቃው ሸፍኖት ማንም አላየውም። ሲባጎ ከጫፍ ጫፍ ወጥሬ ስለካው መሀሉ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ጎብጧል። የመጀመሪያው «ጓ!» ይህ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ዘንጉ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ልጁ ነዳጅ ሲጨምር ያው ድንጋይ ወደ ኋላ ሄደ። የሞተሩን የዘይት ቋት ጠርዝ ጫር አድርጎታል፣ አላጎደጎደውም። ቀጥሎ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ኋላ ያለውን መሀለኛውን የብረት ቤት መታው። እዚያ ጥፍር የሚያስገባ የሚያብለጨልጭ ጭረት አለ፣ ጭረቱ ደግሞ የሚያልቀው በትክክል ታፖው፣ ማለትም የዘይት ማፍሰሻው ክዳን ላይ ነው። በታፖው ዙሪያ ያለው ጭቃ ጥቁር ነው። ጠብታ ተንጠልጥሏል።

ለሐጂ ያሳየኋቸው ይህን መስመር ነው። በጣቴ ከፊት ወደ ኋላ። ድንጋዩ የሄደበት መንገድ ነው።

«እና ፖምፓው?» አሉኝ።

«ፖምፓውን ድንጋዩ አልነካውም ሐጂ። የፖምፓውን መጠጥ ነው የነካው።»

በዚህ ዓይነት ትራክተር ካምቢዮውም፣ ዲፍረንሻሉም፣ ማንሻውም የሚጠቀሙት አንድ ዘይት ነው። የማንሻው ፖምፓ ቤቱ ውስጥ፣ ዘይቱ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ዘይቱ ሲጎድል መጀመሪያ የሚጮኸው እሱ ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳወጣ ጫፉን ብቻ ነው የነካው። የነካውም ዘይት አይመስልም፣ ማኪያቶ ነው። ከላዩ አረፋ አለው።

ይህ አረፋ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ያለቀ ፖምፓ ብቻውን አረፋ አያወጣም። አረፋ ማለት ፖምፓው ከዘይት ጋር አየር እየሳበ ነው። ጉርምርምታውም ከዚያ ነው። ማኪያቶነቱ ደግሞ ውሃ ነው። ለማረጋገጥ የቤቱን እመቤት አሮጌ የብረት ምጣድ ለመንኳቸው። ከሰል ላይ ጥደን ሲግል ሁለት ጠብታ ዘይት ጣልኩበት። «ጥስ ጥስ ጥስ» አለ። ንጹሕ ዘይት ይጨሳል እንጂ እንዲህ አይንጣጣም። ምጣዱ እንግዲህ ለእንጀራ አይሆንም፣ አዲስ ልገዛላቸው ቃል ገብቼ ነበር። ገዝቻለሁ።

ዘይቱን ወዲያው አላወረድኩትም። ትራክተሯ ከቆመች ሌሊት አልፏል፣ ውሃው ወደ ታች ወርዷል። ታፖውን ቀስ ብዬ ላላ ሳደርገው መጀመሪያ የወጣው ውሃ ነው። ወደ ሦስት ሊትር የሚጠጋ። ከዚያ ማኪያቶው መጣ።

አሁን ጥያቄው ውሃው በየት ገባ ነው። ይህን መዝለል ቀላል ነበር። ዘይት ቀይሮ መሄድ ይቻላል። ግን ቀዳዳው ካልተገኘ በሚቀጥለው ዝናብ ያው ማኪያቶ ይመለሳል። ሐጂ ወንዙን ከሰሱ። ልጁ ደግሞ አንገቱን ደፋ።

በባልዲው ሥር የቀረውን ውሃ በነጠላ ቁራጭ አጣራሁት። ጨርቁ ላይ ሁለት ነገር ቀረ። አንደኛው ቡናማ ደለል ነው። ደለል ከሰማይ አይዘንብም፣ ከወንዝ ነው። ሁለተኛው ቀጫጭን የዝገት ቅርፊት ነው። እንዲህ ያለ ቅርፊት በሁለት ቀን አይሠራም። ወራት ይፈልጋል።

ደለሉን ለማግኘት ወደ ኋላ ሄድኩ። የኋላ ጎማው 18.4-30 ነው፣ መሀሉ ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ለሌላ መሣሪያ ኃይል የሚሰጠው የፒቲኦ ዘንግ ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። መከለያ ቆቡ የለም። ዘይት እንዳያመልጥ የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ፓራኦሊዮው፣ ደርቆ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቀን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ትራክተር ቤቱ ትኩስ ነው። ቀዝቃዛ ጎርፍ ውስጥ ሲነከር ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ቤቱም ወደ ውስጥ ይስባል። መተንፈሻው ክፍት ከሆነ በዚያ አየር ይገባል፣ ችግር የለም። የዚህችኛዋ መተንፈሻ በአቧራና በዘይት ጥርቅም ብሎ ተደፍኗል። ስለዚህ በደካማው ፓራኦሊዮ በኩል የወንዙን ውሃ ጠጣች።

የዝገቱ ቅርፊት ግን የወንዙ ሥራ አይደለም። የማርሽ መቀየሪያው ዘንግ ሥር ያለው የጎማ ሽፋን ተቀዷል። ትራክተሯ ደጅ ነው የምታድረው፣ የበልጉም ዝናብ በዚያ ሲንጠባጠብ ከርሟል። ክዳኑን ከውስጥ ስዳብሰው ጣቴ ቀይ ሆነ።

«ግማሹ የወንዙ ነው፣ ግማሹ የእኛው ነው» አልኳቸው ሐጂን።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው «አንተ፣ በላስቲክ ሸፍናት አላልኩህም?» አሉት። ሐጂ አላሉትም ነበር መሰለኝ፣ ልጁ ግን ምንም አልመለሰም።

ስንጥቅ አለ የለም የሚለው ይቀራል። የብረት ቤቱ ከተሰነጠቀ ነገሩ ሌላ ነው። ጭረቱን በናፍጣ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ የተማሪ ጠመኔ ፈጭቼ ቀባሁት። ታፖውን መልሼ ትንሽ ዘይት ጨምሬ ምሳ ሄድን። ስንጥቅ ካለ ዘይቱ በነጩ ጠመኔ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ያወጣል። ስንመለስ ጠመኔው እንደ ነጣ ነው። የረጠበው የታፖው ዙሪያ ብቻ ነው። ታፖው ራሱ ጥርሱ ደህና ነው፣ ከሥሩ ያለው ቀለበት፣ ራንዴላው፣ ተጨፍልቋል። በአዲስ የመዳብ ራንዴላ አለቀ። ለአንድ ራንዴላ ነበር እንግዲህ ፖምፓ ሊወርድ የነበረው።

ዘይቱ ውስጥ ብረት ፈልጌ ነበር። የዲፍረንሻል ጥርስ ተሰብሮ ቢሆን ስባሪው ጨርቁ ላይ ይቀር ነበር። የተገኘው ጣት ላይ የሚለሰልስ ግራጫ ዱቄት ነው። ዕድሜ ባለው ትራክተር ያ ጤነኛ ነው። የፖምፓው መሳቢያ ወንፊት ግን በደለልና በክር ተደፍኗል። አውጥቼ በናፍጣ አጠብኩት።

ስለ ዘይቱ ከሐጂ ጋር ተጨቃጨቅን። ይህ ትራክተር የሚጠጣው ዘይት ብዙ ነው፣ ከጠቅላላው ጥገና ትልቁ ወጪም እሱ ነው። ሐጂ ያሉት ይህ ነው፤ የወረደውን በርሜል ውስጥ እናስቀምጠው፣ ውሃው ሲዘቅጥ ዘይቱን እንመልሰው። ብዙ ሰው ያደርገዋል። እኔ እምቢ አልኩ። ተለይቶ የዘቀጠ ውሃ ይወጣል፣ ከዘይት ጋር ተመትቶ ማኪያቶ የሆነው ግን በርሜል ውስጥ ስለ ቆየ አይለይም። ኩሽኔታውን ያዝጋል፣ ፖምፓውን ይበላል። ይህ ትራክተር ደግሞ ፍሬኑም ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። እኔ የፈለግኩት እንዲያውም ሁለት ጊዜ መሙላት ነበር። መጀመሪያ አዲስ ዘይት ሞልቶ አንድ ሰዓት አሠርቶ ማውረድ፣ ከዚያ እንደገና መሙላት።

«ሁለት ጊዜ? ልጄ፣ ትራክተሯን ሸጬ ነው ዘይት የምገዛልህ?» አሉኝ።

ተስማማን። የመጀመሪያውን እስከ ዝቅተኛው ምልክት ብቻ ሞላነው። ቆማ አሞቅናት፣ ማንሻውን ባዶውን ደጋግመን ከፍ ዝቅ አደረግን፣ ሁሉንም ማርሽ አዟዟርን። አወረድነው። ቀለል ያለ ሻይ በወተት ነበር። ሁለተኛው እስከ ላይኛው ምልክት ተሞላ። አንዳንድ ሰው ለማጠቢያ ናፍጣ ይቀላቅላል። ናፍጣ እንደ ዘይት አያለሰልስም፣ እኔ ጥርስ ባለበት ቤት ውስጥ አልጨምረውም።

ፓራኦሊዮው ወልዲያ ተገኘ። የማርሽ ዘንጉ የጎማ ሽፋንም እንዲሁ። ቲራንቲው ግን አልተገኘም።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ጭቅጭቅ መጣ። መንደሩ ውስጥ ጎበዝ ባለ ብየዳ አለ። «አግሎ ያቃናዋል፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል» አሉ የሐጂ ወንድም። ማቃናቱን ያቃናዋል፣ አልጠራጠርም። ግን አንዴ የተጣመመ፣ ከዚያ በእሳት የጋለ የመሪ ዘንግ ድሮ የነበረው ጥንካሬ የለውም፣ የሚሰበረውም ቀጥሎ ድንጋይ ሲመታ ነው። የመሪ ዘንግ መንገድ ላይ ሲሰበር አንዱ ጎማ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከኋላ ጋሪ ላይ ሰው ተጭኖ ቢሆንስ? የማረሻ ፍሬም ቢሆን አቃኑት እላለሁ። የመሪ ዕቃ ግን ከእኔ እጅ ተቃንቶ አይወጣም።

ዘንጉ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ከአዲስ አበባ ቆቦ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ቀን ጠበቅን። የሐጂ ወንድም ሁለቱንም ቀን አኮረፉኝ።

ያን ሁለት ቀን ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ከድንጋዩና ከውሃው ሌላ መንቀጥቀጡ ራሱ የሚያላላው ነገር አለ። የፊት አክስሉን በክሪክ አንስቼ እያንዳንዱን ጎማ ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅኩ። የግራው ኳ ኳ ይላል። ሞዞውን (የጎማውን እምብርት) ስከፍት ግራሱ ግራጫ ሆኗል፣ አሸዋ ገብቶበታል። ኩሽኔታዎቹን አጥቤ አየሁ፣ አልተጎዱም። አዲስ ግራስ ሞልቼ ዳዶውን አስተካከልኩ። ከዚያ አክስሉ የሚወዛወዝበትን የመሀል ፔርኖ በዲጂኖ ከፍ ዝቅ አደረግኩት። ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር ይጫወታል። ይህ የወንዙ አይደለም፣ የዓመታት ነው። ለመቀየር ቶርኖ ቤት መሄድ ይጠይቃል፣ ሌላ ሦስት ቀን። ግራስ ሰጥቼ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

የአክስሉን መሸከሚያ ከሞተሩ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ዙሪያ ቀይ ዱቄት አየሁ። ይህን ማንም ሰው ማየት ይችላል። ብረትና ብረት እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚወጣ የዝገት ዱቄት ነው፣ ቡሎኑ ላልቷል ማለት ነው። ሁለቱ ላልተዋል። ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፣ ላልቶ የሠራ ቡሎን ተስቧል። ሁለቱንም ቀየርኳቸው፣ የቀሩትንም አንድ በአንድ ፈተሽኩ።

የሞተሩ ጉልበት ማጣት ቀላል ነበር። ናፍጣ ታንከሩ ሥር ተኝቶ የኖረው ቆሻሻ ሲናወጥ ተነስቶ ፊልትሮውን ደፍኗል። ፊልትሮ ቀየርን፣ አየር አወጣን፣ አለቀ። የባትሪው ማሰሪያም ተበጥሶ ነበር።

ዘንጉ ሲመጣ የጎማዎቹን አቅጣጫ ለካሁ። አሠራሩ ለማንም ይሆናል። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ፣ በአክስሉ ከፍታ ላይ የሁለቱን ቸርኬ የፊት ጠርዝ በጠመኔ ምልክት አድርጎ በመሀል ያለውን መለካት። ከዚያ ምልክቱ ወደ ኋላ እስኪዞር ትራክተሩን ገፋ አድርጎ እንደገና መለካት። ከመፍታቴ በፊት ስለካ ከፊት 139.2 ሴንቲ ሜትር፣ ከኋላ 137.5 ነበር። ጎማዎቹ በ17 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ተከፍተዋል። ዘንጉ ከአክስሉ በስተኋላ ነው ያለው፣ ሲጎብጥ ያጥራል፣ ሲያጥር የጎማዎቹን ጀርባ ይስባል፣ ፊታቸው ይከፈታል። መሪው የተዋለለው ለዚህ ነው። መሆን ያለበት ግን ከፊት በጥቂት ሚሊ ሜትር ጠበብ ማለት ነው። በአዲሱ ዘንግ ፊቱን በ4 ሚሊ ሜትር አጥብቤ አሰርኩት።

ሙከራው አራተኛው ቀን ላይ ሆነ። ማረሻው ተሰቅሎ ሁለት ሰዓት ታረሰ። ዘይቱ ሞቀ። ማንሻው መጀመሪያ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ የቀረ አየር ነው፣ አሥር ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል ጠፋ። ከዚያ ማረሻውን እላይ አንስተን ሞተሩን አጠፋን። ዲስኩ ጋ ዱላ ተክዬ ምልክት አደረግኩ። በአሥር ደቂቃ ሁለት ጣት ያህል ወረደ። ለዚህ ዕድሜ በቂ ነው። የሞተ ፖምፓ ደግሞ ዘይቱ ሞቆ ማረሻውን እንዲህ አያነሳም።

ፍሬን ስንሞክር ወደ ግራ ሳበች። ሐጂ ደነገጡ። ይኼኛው ግን የፔዳል ነገር ነው፣ የቀኙ ከግራው የበለጠ ባዶውን ይወርዳል። አስተካከልኩት። ለልጁም ሁለቱን ፔዳል የምታያይዘውን መቆለፊያ አሳየሁት። ማሳ ውስጥ ትፈታለች፣ መንገድ ላይ ትቆለፋለች። ወንዝ ውስጥም። አንድ ፔዳል ብቻ ረግጦ ድንጋይ ላይ መዞር ምን እንደሚያደርግ ነገርኩት።

ሐጂ መረቁኝ። የሐጂ ወንድምም ታረቁኝ። ወደ ወልዲያ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ስልክ መጣ። ልጁ ነው፣ በራሱ ስልክ።

«ጋሼ፣ የቀኙ የኋላ ጎማ ይወዛወዛል። አላስነሳኋትም፣ ቆሜ ነው የምደውለው።»

ይህ የእኔ ጥፋት ነው። የኋላ ጎማ ዳዶዎችን መጀመሪያ ቀን ፈትሼ አጥብቄያቸው ነበር። ግን እንዲህ ከተመታ በኋላ የታሰረ ዳዶ ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት። ቀለሙና ዝገቱ ሲጨፈለቅ ዳዶው ይላላል። ለልጁ መንገር ነበረብኝ፣ አልነገርኩትም። ስደርስ ከስምንቱ ሦስቱ በእጅ ይዞራሉ። የቸርኬው ዲስክ ሁለት ቀዳዳዎች እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነዋል። ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ቢሠራ ጎማው ማሳ ውስጥ ይቀር ነበር። ዲስኩን በራሴ ወጪ ቀየርኩ። ሐጂ ግማሹን ልክፈል ብለው ነበር፣ አልተቀበልኩም።

ልጁ አሁን የጎማ ቁልፍ ከመቀመጫው ሥር ይዞ ነው የሚሄደው። በቀደም ቆቦ ገበያ አግኝቼው ነበር። ወንዙ ጋ ሲደርስ ወርዶ ረጅም ዱላ ይዞ በእግሩ ቀድሞ እንደሚሻገር ነገረኝ። ጓደኞቹ «እረኛው» ብለው ስም አውጥተውለታል።

የመሀሉ ፔርኖ ግን ገና ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ይላል ማስታወሻዬ። መኸር ተሰብስቦ ትራክተሯ ስታርፍ ወልዲያ ሊያመጧት ቀጥረናል።